በብልት ላይ የሚወጣ ቁስል፦ ቂጥኝ ወይስ ከርክር?

በብልት ላይ ቁስል ሲወጣ ብዙ ሰዎች የበሽታውን ክብደት የሚመዝኑት በሕመሙ መጠን ነው። ካላመማቸው ቀላል ነው ብለው ያልፉታል። ይህ ግምት በተለይ በቂጥኝ ላይ አደገኛ ነው።

የቂጥኝ ቁስል ባክቴሪያው ወደ ሰውነት ከገባ ከ10 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ሲሆን ጠርዙ ጠንካራ ነው፤ ሕመምም የለውም። በሴቶች ላይ በማሕፀን ጫፍ ሊወጣ ስለሚችል ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ከ3 እስከ 6 ሳምንታት ውስጥ ያለ ሕክምና ይደርቃል። የደረቀው ግን ቁስሉ እንጂ በሽታው አይደለም፤ ባክቴሪያው በሰውነት ውስጥ ይቆያል፤ ከነፍሰ ጡር እናትም ወደ ፅንሱ ተላልፎ ለውርጃ ወይም ሞቶ ለመወለድ ሊዳርግ ይችላል።

ከርክር በአንጻሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል። ቁስሉ ያማል፣ መግል ይይዛል፣ ሲነካ በቀላሉ ይደማል፤ በብሽሽት የሚወጣው ንፍፊትም ሊፈነዳ ይችላል። በባምቡሌ ደግሞ ትንሹ ቁስል ሳይስተዋል ይጠፋና ከሳምንታት በኋላ ብሽሽት ያብጣል።

እንዲህ ተለያይተው ሲጻፉ ልዩነታቸው ግልጽ ይመስላል። በምርመራ ክፍል ግን የቂጥኝ ቁስል በሌላ ጀርም ተበክሎ ሊያም፣ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ፣ በቫይረስ የሚመጣው የብልት ሄርፒስም ሊመስላቸው ይችላል። ስለሆነም በዓይን በማየት ብቻ መለየት አስተማማኝ አይደለም።

የደም ምርመራም የራሱ ገደብ አለው። ቁስሉ እንደወጣ ቢመረመሩ ቂጥኝ እያለ ውጤቱ ነፃ ሊል ይችላል። አንዳንዱ ምርመራ ደግሞ ከዳኑ በኋላም ለዓመታት በሽታው እንዳለ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ከዚህ በፊት ታክመው ከሆነ ለባለሙያው ይንገሩ። የከርክርን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ማሳደግ አስቸጋሪ በመሆኑ በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎች አይሠራም።

«ለምን ለአንድ ቁስል መርፌም ኪኒንም ታዘዘልኝ?» የሚል ጥያቄ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያው ውጤት እስኪሟላ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ለቂጥኝና ለሌሎቹ መንስኤዎች በአንድነት ያክማል። ይህ የታወቀ የሕክምና አሠራር እንጂ ግምት አይደለም።

ወደ ጤና ተቋም ከመሄድዎ በፊት ቁስሉን ቅባት አይቀቡት፤ ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክም አይውሰዱ፤ ምልክቱን ይሸፍነዋል። ፔኒሲሊን የማይስማማዎት ከሆነ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ያስታውቁ። የኤች አይ ቪ ምርመራ አብሮ ይደረጋል። የትዳር ወይም የወሲብ ጓደኛዎም ቁስል ባይታይባቸው እንኳ መመርመርና መታከም ይኖርባቸዋል። በ7 ቀናት ውስጥ መሻሻል ካልታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ።