የሕግ አርቃቂው የግሥ ምርጫ፦ ከኪሌሌሽዋ አጥር ሥር የተነሣ ጥያቄ

በናይሮቢ ከተማ በኪሌሌሽዋ፣ ቀድሞ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች በነበሩበት ስፍራ ዛሬ ረጃጅም የአፓርትማ ሕንፃዎች ቆመዋል። ከአጥሩ ማዶ ቁፋሮ ሲጀመር ያየ ነዋሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው የግንባታ ፈቃድ መኖሩን ነው። በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የኬንያ የመሬት አጠቃቀም ፕላን ሕግ በክፍል 57፣ ጉዳዩ የሚመለከተው የካውንቲው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል ሳይፈቅድ ማንም ሰው ልማት እንዳያካሂድ ይከለክላል። የእንግሊዝኛው ክልከላ «ሻል ኖት» በሚለው አጭር ሐረግ ላይ ያረፈ ነው።

እንዲህ ያለውን ሐረግ የሚመርጠው የመንግሥት የሕግ ባለሙያ የፖሊሲው ባለቤት አይደለም። ፖሊሲውን ሚኒስቴሩ ይወስናል፤ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ያለው አርቃቂ ግን ሐሳቡን ተቀብሎ ዝም አይልም። ግዴታው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ የሚፈቅደው ማን እንደሆነ፣ የጣሰውስ ምን እንደሚደርስበት መልሶ ይጠይቃል። ሚኒስቴሩ ያላሰበበት ነገር የሚገለጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ነው። ረቂቁ ከዚያ ወደ ፓርላማ ይሄዳል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 118 መሠረት ሕዝብ አስተያየት ይሰጥበታል፤ ሲጸድቅም ፕሬዚዳንቱ በ14 ቀናት ውስጥ ይፈርሙበታል ወይም ይመልሱታል።

ኪስዋሂሊና እንግሊዝኛ ሁለቱም የኬንያ ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ናቸው። ሆኖም የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ቅጂዎች ቢጋጩ የእንግሊዝኛው ይጸናል፤ በሌሎች ሕጎች ረገድ የሚጸናው ፕሬዚዳንቱ የፈረሙበት ቅጂ ነው። በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ ነው። የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ቅጂ በአንቀጽ 106 የአማርኛው ሲሆን፣ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987ም (የአዋጁ ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ልዩነት ሲኖር ለአማርኛው ቅድሚያ ሰጥቷል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ፣ ረቂቁን ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ቢያዘጋጁትም፣ ኢትዮጵያውያን ዳኞች የሚሠሩበት በአማርኛው ነው።

እንግዲህ ያንኑ የኪሌሌሽዋ ክልከላ በአማርኛ የሚያረቅቅ ሰው ምን ይጽፋል? «አያካሂድም» ቢል ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ወሬ ሊመስል ይችላል። «ማካሄድ የለበትም» ምክር ይቀላቀልበታል። «ሊያካሂድ አይችልም» በሕጎቻችን የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሥልጣን ወይም ችሎታ ማጣትንም ስለሚያመለክት፣ ያለ ፈቃድ የተሠራው ሥራ ዋጋ ቢስ ነው ለማለት ይሁን ሠሪው ይቀጣል ለማለት ወዲያው አይለይም። በእኔ ግምት ቅጣት ለሚከተለው ድርጊት «የተከለከለ ነው» የሚለው ይበልጣል።

ከዚህ የከበደው «ማመልከቻው እንደተሟላ ፈቃድ ይሰጣል» የሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ይሰጣል» ላልቶ ሲነበብ ሰጪ አለው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ፈቃዱ ይሰጣል እንጂ ሰጪው አይታወቅም። በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ልዩነቱን ያሰማል፤ የታተመው ገጽ አያሰማም። «ሊሰጥ ይችላል» ቢባል ደግሞ ባለሥልጣኑ መከልከልም ይችላልና የጎረቤቱ ተቃውሞ ክብደት ይኖረዋል፤ «ባለሥልጣኑ ይሰጣል» ከተባለ ግን ጎረቤቱ ሊከራከር የሚችለው ማመልከቻው ተሟልቷል ወይስ አልተሟላም በሚለው ላይ ብቻ ነው።