ከሚሌ ሐረር፦ ሁለት ቀን ይበቃል?

"ቅዳሜና እሁድ ሐረርን አይተን ሰኞ ሥራ እንገባለን" የምትሉ የሚሌ፣ የሎግያና የሰመራ ልጆች፣ እስኪ እቅዱን አብረን እንየው።

መንገዱ ከሚሌ በገዋኔ አድርጎ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያደርሳችኋል። ከዚያ በሚኤሶና በጭሮ ወደ ሐረር ይታጠፋል። አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። በሁለት ቀን ከሄዳችሁ እንግዲህ የምታዩት ከተማውን ሳይሆን መንገዱን ነው! ሦስት ቀን ያዙ፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለከተማው፣ አንዱ ለመመለሻ።

አንዷን ቀን እንዴት እንጠቀምባት?

👉 ጠዋት፦ ጀጎል ውስጥ ግቡ። በዩኔስኮ የተመዘገበው (እ.ኤ.አ. 2006) ይህ በግንብ የታጠረ ከተማ 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ 82 መስጊዶች ግን አሉት። በእግር ይዳረሳል፣ ባጃጅ አያስፈልግም።

👉 ከሰዓት፦ በፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ስም የሚጠራውን ሙዚየም እዩ፣ ገበያውንም ዙሩ።

👉 ሲመሽ፦ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲበላ ተመልከቱ። ይሄ ከጨለመ በኋላ ስለሆነ፣ በዚያው ቀን እመለሳለሁ ያለ ሰው ያመልጠዋል።

ሳትረሱ፦ ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኛ ለቆላ ሰዎች ማታው ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። የአስጎብኚውን ሒሳብ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ከሁሉም በላይ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ሌሊት አትጓዙ። አንድ ቀን መዘግየት ይሻላል።

አብሯችሁ ለሚሄድ ጓደኛ ሼር አድርጉት።