የሽፈራው ፍሬና የደፈረሰ ውሃ

የሽፈራው ቅጠል በኮንሶና በጋሞ እንደ ጎመን ተቀቅሎ እንደሚበላ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ለመድኃኒትነቱ የሚወደሰውም ቅጠሉ ነው። ፍሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጣላል። በሱዳን በአባይ ዳር የሚበቅለው ዘመዱ ግን «ሸጀረት አል ረዋግ» ይባላል፤ ውሃ የሚያጠራ ዛፍ ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው በፍሬው ነው።

የሱዳን ገጠር ሴቶች በክረምት የሚደፈርሰውን የአባይ ውሃ በፍሬው ሲያጠሩ ኖረዋል። ሳሚያ አል አዝሃሪያ ጃን የተባሉ ተመራማሪ ካርቱም ሆነው ዘዴውን አጥንተው በ1981 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ፍሬው እንዴት ይሠራል? በውስጡ ፖዘቲቭ የኤሌክትሪክ ኃይል ያለው ፕሮቲን አለ። ውሃ ውስጥ ያለው ጭቃ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። ሁለቱ ተሳስበው ይያያዛሉ፣ ይከብዳሉ፣ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ከጭቃው ጋር ብዙ ተህዋስያንም ይወርዳሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1. ዛፉ ላይ የደረቀ ፍሬ ይምረጡ። እርጥቡ አይሠራም።
2. ቅርፊቱን ልጠው ነጩን ይውቀጡ። በጣም ለደፈረሰ 20 ሊትር ውሃ 20 ፍሬ፣ መጠነኛ ለደፈረሰ 10 ፍሬ ገደማ ይበቃል።
3. ዱቄቱን በጥቂት ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ያጥልሉ።
4. ወደ ውሃው ጨምረው ለ1 ደቂቃ ፈጠን አድርገው፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀስ ብለው ያማስሉ።
5. ከድነው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ሳይነኩ ያቆዩ። ዝቃጩን ትተው የላዩን ይቅዱ።

ውሃው ጠራ ማለት ግን ከበሽታ ነጻ ሆነ ማለት አይደለም። ስለዚህ አፍልተው ወይም ክሎሪን ጨምረው 30 ደቂቃ ቆይተው ይጠጡ። የክሎሪን ኃይል በደፈረሰ ውሃ ስለሚደክም አስቀድሞ ማጥራቱ ይጠቅማል። የጠራውን ውሃ ከ1 ቀን በላይ አያቆዩ።

በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲጀመር በካርቱም ብዙ ሰፈሮች የቧንቧ ውሃ ተቋረጠ። በነሐሴ 2024 ደግሞ በሱዳን የኮሌራ ወረርሽኝ መግባቱ በይፋ ተነገረ። እንደ ካላክላ ላለ በነጭ አባይ አጠገብ ለሚገኝ ሰፈር ይህን ማወቅ ሕይወት ያድናል።

ማሳሰቢያ፦ የዛፉ ሥርና ልጣጭ መርዛማ ነገር ስላለው በተለይ እርጉዝ ሴቶች አይውሰዱት። ፍሬው የተቅማጥ መድኃኒት አይደለም። እንደ ውሃ የሚወርድ ተቅማጥ የያዘውን ሰው ኦአርኤስ እያጠጡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።