ለጌም ቤት፦ ኦሪጅናል ፕሌይስቴሽን ወይስ ኮምፒውተር?

ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ፣ ሻምቡም ሆነ ደምቢ ዶሎ ጌም ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አንድ ነገር መወሰን አለበት። ፕሌይስቴሽን 2 ይግዛ ወይስ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጌም ይጫን?

ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2013 ምርቱ ቆሟል። ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው ባመዛኙ ያገለገለ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ሲዲ የሚያነበው ሌንስ ነው፤ አቧራ ደግሞ ያፋጥንበታል። ሌንሱ ሞተ ማለት ግን ማሽኑ አለቀለት ማለት አይደለም። ወፍራሙ ሞዴል ሃርድ ዲስክ ይቀበላል። ቀጭኑን ከፍላሽ ማጫወት ይቻላል፤ የዩኤስቢ መግቢያው የድሮው ቀርፋፋ ዓይነት በመሆኑ ግን አንዳንድ ጌም በተለይ ቪዲዮው ላይ ይቆራረጣል።

ኮምፒውተሩ የፕሌይስቴሽንን ጌም የሚያጫውተው ኢሙሌተር በሚባል ፕሮግራም ነው። ለፕሌይስቴሽን 2 የታወቀው ፒሲኤስኤክስ2 ነው። ጌሙ የተጻፈው ለሌላ ፕሮሰሰር ስለሆነ፣ ኢሙሌተሩ እንደ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ በመሃል ቆሞ ትእዛዙን ለኮምፒውተሩ ይተረጉማል። የፕሌይስቴሽን 2 ፕሮሰሰር 300 ሜጋኸርዝ እንኳ አይሞላም፤ ዋና ሜሞሪው 32 ሜጋባይት ብቻ ነው። ሆኖም እሱን መስሎ ለመሥራት በብዙ እጥፍ የፈጠነ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ትርጉሙ ራሱ ሥራ ነው፤ በዚያ ላይ በኦሪጅናሉ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩትን በርካታ ቺፖች እኩል እያራመዱ መሄድ አለ። ኮምፒውተሩ አቅም ካነሰው ኳሱ ይንቀራፈፋል፣ ድምፁም ይቆራረጣል።

መዘግየትም አለ። በእኛ አገር በተለመደው የቴሌቪዥን ሥርዓት ሥዕሉ በሰከንድ 50 ጊዜ ይታደሳል፤ አንዱ ሥዕል 20 ሚሊሰከንድ ይቆያል ማለት ነው። ኢሙሌተሩ አንድ ሁለት ሥዕል ቢያቆይ፣ ስስ ቴሌቪዥኑም የራሱን ቢጨምርበት፣ የለመደ ልጅ በፍጹም ቅጣት ምት ላይ ወዲያው ያውቀዋል። ለዚህ ኦሪጅናሉ ከድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ እስካሁን የሚያህለው አላየሁም።

ብዙዎች የማያስቡት ሦስተኛ መንገድም አለ። እንደ ፔስ 2013 ያሉ ጌሞች ለኮምፒውተር ተብሎ የተሠራ የራሳቸው ቅጂ አላቸው። እዚያ አስተርጓሚ ስለማያስፈልግ መካከለኛ ኮምፒውተር ይበቃል። ለኳስ ብቻ ከሆነ ኢሙሌተር ውስጥ መግባት ድካም ነው።

ወለጋ ውስጥ ግን ከሁሉም በላይ የሚወስነው መብራት ነው። ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 50 ዋት እንኳ አይስብም፤ ግራፊክስ ካርድ ያለው ዴስክቶፕ በጨዋታ ሰዓት የዚህን ብዙ እጥፍ ሊስብ ይችላል። በባትሪ ለሚሠራ ቤት ልዩነቱ ትልቅ ነው። መብራት በድንገት ሲሄድ ፕሌይስቴሽኑ ሴቭ ያልተደረገውን ጨዋታ ያጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን ዊንዶውሱ ሊበላሽ ስለሚችል ዩፒኤስ የግድ ነው። ሁለቱም አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም። በ2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦበት ለነበረ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኢሙሌተር ያለጥርጥር የሚያሸንፈው በሳንቲም ይሠሩ በነበሩት የድሮ ጌሞች ነው። ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራቸው ሲፒኤስ-2 የሚባሉ ቦርዶች የመክፈቻ ቁልፋቸውን የሚይዙት በባትሪ ነበር፤ ባትሪው ሲያልቅ ጌሙ አብሮ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ማሜ የተባለው ኢሙሌተር እንዲህ ያሉ ሥራዎች ጨርሶ እንዳይጠፉ አድርጓል፤ እኔ ይህን እንደ ትልቅ ውለታ እቆጥረዋለሁ። ይሁንና ፕሮግራሙ ነፃ ነው ማለት ጌሞቹ ነፃ ናቸው ማለት አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራሞችንም ይጠብቃል።

በእኔ ግምት ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን ለሚያቆም ጀማሪ ቀጫጭን ፕሌይስቴሽኖች ይሻላሉ፤ ኮምፒውተሩ ደንበኛ ሌላ ጌም መጠየቅ ሲጀምር ይደርሳል። ኮምፒውተር የሚገዛም ሰው ሂሳብ ሳይከፍል ሻጩ ፊት በጣም ከባዱን ጌም ከፍቶ፣ ሁለት ጆይስቲክ ሰክቶ፣ አንድ ሰዓት ያህል ያጫውተው፤ የሙቀት ችግር ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከቆየ በኋላ ነው።