የእናት ቦታ

በባሕር ማዶ የተወለዳችሁ፥ ወይም በሕፃንነታችሁ ተሻግራችሁ በዚያ ያደጋችሁ ልጆቻችን፥ አንድ ሌሊት ጎሕ ከመቅደዱ በፊት የወላጆቻችሁ ወዳጆች ጥቁር ለብሰው፥ ሴቶቹም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ በራችሁን ሲያንኳኩ አይታችሁ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ዜና ዕረፍቱን ከትናንት ጀምሮ እያወቀ፥ ማታውን ከእናታችሁ ጋር በስልክ ሲጫወት አምሽቶ አንዳች ሳይተነፍስ እንዳደረ በኋላ በሰማችሁ ጊዜ፥ «እንዴት ይህን ያህል ይደበቃል?» ብላችሁ ተቆጥታችሁም ይሆናል። ይሁን እንጂ መርዶ በሀገራችን ሥርዓት ከብዙ ሰው ጋር የሚፈጸም ግብር ስለ ሆነ፥ ኀዘንተኛው በሥራ ገበታው ላይ ወይም በመንገድ ብቻውን ሳለ ልቡ እንዳይሰበር፥ የሚደግፉት እጆች ተሰብስበው እስኪደርሱ ድረስ አፍ ይዘጋል፤ ሰው ሁሉ ገና ከቤቱ ያልወጣበት ንጋትም ይመረጣል።

በዚያ ንጋት የተረዳችሁት የአያታችሁን ዕረፍት ከሆነ፥ አያታችሁም በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ለቤታቸውም ለሰፈራቸውም የኖሩ እናት ከነበሩ፥ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ምን እንደ ሆነ፥ ስለ ምንም እንደሚደረግ፥ በሚከተለው ቃል ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ኮልፌ ቀራንዮ ዛሬ ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና የወረደ፥ ወይም በአጠና ተራ በኩል ያለፈ ሰው፥ ጉራጌው ከስልጤው፥ ኦሮሞው ከአማራው፥ ሸማኔው ዶርዜም ከሁሉ ጋር በአንድ አጥር ተጠጋግተው ሲኖሩ፥ የማሕሌቱ ድምፅና የአዛኑ ድምፅም በአንድ ንጋት አየር ላይ ሲገናኙ ያገኛል። ቀራንዮ የሚለውን ስም የምናገኘው ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ከተባለው ደብር ጋር ሲሆን፥ ቃሉ ጌታ የተሰቀለበት፥ ጎልጎታ የሚባለው ስፍራ ስም ነው። በዚያ ስፍራ፥ ወንጌል እንደሚተርክልን፥ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር፥ ደቀ መዝሙሩንም ለእናቱ ሰጠ፤ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንም ዮሐንስ በዚያ የቆመው ስለ ምእመናን ሁሉ ነው ብለው ይተረጉማሉ። እናትን ላልወለደችው ልጅ፥ ልጅንም ላልወለደችው እናት መስጠት በአማርኛችን አደራ ይባላል። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የሰፈሩ ሰው እኚህን እናት በመጠሪያ ስማቸው የሚጠራቸው እምብዛም ነው። እኩዮቻቸው በበኩር ልጃቸው ስም «የእገሌ እናት» ይሏቸዋል፤ ጥቂት የሚያንሷቸው «እትዬ»፥ ልጆቹም «እማማ» ይሏቸዋል፤ ባላቸውን ብትጠይቁ «ባለቤቴ» ይላሉ፥ ይህም ለባልም ለሚስትም እኩል የሚነገር፥ የቤት ጌታነትን ለሁለቱም የሚሰጥ ቃል ነው። የዚያ ቤት በር ቀን ቀን አይዘጋም። ቡና ሲፈላ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል፤ ከአቦል እስከ ቶና፥ ከቶና እስከ በረካ ባለው ጊዜ ማን እንደ ታመመ፥ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ቀረ፥ ማን ከማን ጋር እንደ ተኳረፈ ይሰማል፤ ከበረካው በኋላም ለታመመው አጥሚት፥ ለአራሷ ገንፎ፥ ለተኳረፉት ሽማግሌ ይላካል። በረከቦቱ ዙሪያ ከተቀመጡት አንዷ የጁምዓ ሶላት የማያመልጣት፥ ሌላዋ ከኪዳን የማትቀር ልትሆን ትችላለች፤ የሚበሉት ሥጋ ቢለያይ ቡናው አንድ ነው።

ይህ ሁሉ ደግነት በልብ ብቻ ተይዞ የሚቀር እንዳይመስላችሁ፤ መዝገብ አለው፥ መዝገቡም የእድር መዝገብ ነው። የከተማን ማኅበራዊ ኑሮ የመረመሩ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ እድር በአዲስ አበባ የተጀመረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ለሥራ ከመጡ ጉራጌዎች ዘንድ ሲሆን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ ወደ ሌላው ሕዝብ ተስፋፋ። ከዘመድ ርቆ በሰው ከተማ የሚኖር ሰው ሲሞት ማን ይቀብረኛል፥ ማንስ ያለቅስልኛል ብሎ ማሰቡ የማይቀር ነበርና፥ መልሱን በጉርብትና ውስጥ ፈለገው። እንግዲህ እናንተ የጥንት ባላገር ሥርዓት የሚመስላችሁ ይህ ማኅበር፥ እንደ ወላጆቻችሁ ካደጉበት ቀዬ ወጥተው በባዕድ ስፍራ ኑሮ የመሠረቱ ሰዎች የፈጠሩት ነው፤ ዛሬ ኢትዮጵያውያን በሰፈሩባቸው የውጭ ከተሞች እድር መቋቋሙም ስለዚህ ሊያስደንቃችሁ አይገባም።

እድሩ ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ አባል ሁሉ በየወሩ መዋጮውን ይከፍላል፤ በዕቃ ቤቱም ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ትልልቅ ድስትና ሳህን ተቆልፎ ይጠበቃል። ሰው በሞተ ጊዜ ጥሩምባ ነፊው ገና በማለዳ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ያሰማል። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱ እንግዳ የሚመስለው የውጭ ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን ደንቡን ያወጡት ሰዎች ኀዘን ለሰው ፈቃድ ብቻ ቢተው ድኃው ብቻውን እንደሚቀብር ያውቁ ነበር። ከዚህ ጎን የሴቶች እድር አለ፤ ንፍሮ መቀቀሉ፥ እንጀራ ማቅረቡ፥ ኀዘንተኛዋን ደግፎ መያዙ የእርሱ ድርሻ ነው፤ የምንናገርላቸው እናትም ምናልባት ሠላሳና አርባ ዓመት በሰው ድንኳን ጓዳ ቆመው ዓይናቸው በጢስ ሲለበለብ የኖሩት በዚህ ነው።

አሁን ድንኳኑ በእርሳቸው ደጅ ተተከለ። ካህናት መጽሐፈ ግንዘቱን አንብበው፥ ጸሎተ ፍትሐት አድርሰው፥ ዕጣን እያጠኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሸኟቸዋል። ሟቿ ሙስሊም ከሆኑ ገላቸው ታጥቦ፥ በነጭ ከፈን ተጠቅልሎ፥ ሶላተል ጀናዛ ተሰግዶባቸው ሳይዘገይ በሙስሊም መካነ መቃብር ያርፋሉ፤ ሥርዓተ ጸሎቱ ይለያል እንጂ ድንኳኑን የሚተክለውና ለቀስተኛውን የሚያስቀምጠው ያው ጎረቤት ነው።

በክርስቲያኖቹ ቀብር ላይ፥ ግብአተ መሬቱ ሊፈጸም ሲል፥ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ ይህን ወረቀት እንድትጽፉ ከባሕር ማዶ የምትጠየቁ እናንተ ልትሆኑ ስለምትችሉ መልኩን ማወቅ ይገባችኋል። ከእናታቸው ከእገሊት፥ ከአባታቸው ከእገሌ፥ በቀድሞው አጠራር በዚህ ክፍለ ሀገር፥ በዚህ አውራጃ፥ በዚህ ዓመት ተወለዱ ብሎ ይጀምራል፤ ጋብቻቸውንና የወለዷቸውን ልጆች፥ ያዩአቸውንም የልጅ ልጆች በቁጥር ይናገራል፤ ደግነታቸውን በጥቂት ቃል አመስግኖ፥ ለቤተሰቡ መጽናናትን ተመኝቶ ይፈጽማል። አጭርና የተለመደ መሆኑን አይታችሁ አትናቁት፤ አውራጃውና የአባት ስም መጠራታቸው ብቻ፥ ከሕዝቡ መካከል «ይህስ የእኔም ሀገር ነው» የሚል ያልታወቀ ዘመድ የሚያወጣበት ጊዜ አለና። ቢሆንም ወረቀቱ የሚናገረው ማን እንደ ነበሩ ነው፤ ምን እንዳደረጉ የሚነገረው በድንኳኑ ውስጥ ነው።

በድንኳኑ ውስጥ ማንም ተነሥቶ ንግግር አያደርግም። ለቀስተኛው ገብቶ በዝምታ ይቀመጣል፤ ጎረቤት በየተራው እዝን ይዞ ይመጣል፥ ኀዘንተኛው ቤት እሳት እንዲያነድ አይተውምና። ነገር ግን ንፍሮው ሲዞር አንዲቱ ሴት ለአጠገቧ ሴት ቀስ ብላ፥ ልጄን በወለድሁ ጊዜ አሥራ አምስት ቀን ያጠቡልኝ እርሳቸው ነበሩ ትላለች፤ አንድ ጎልማሳም የመጀመሪያውን ደብተርና እርሳስ ከማን እጅ እንደ ተቀበለ ይናገራል፤ ባል የማያውቁት፥ ልጆችም ያልሰሙት የእናታቸው ሕይወት በዚህ ዓይነት ከጎረቤት አፍ ተቆንጥሮ ተቆንጥሮ ይሰበሰባል። ስለዚህ ለቅሶ ለመድረስ የምትመጡ ልጆች ሆይ፥ የሚባለው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብቻ ነው፥ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራችሁ ተቀምጦ ማድመጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከቀብር በኋላ ቀኖችን ትቆጥራለች፦ ሠልስት፥ ሰባት፥ ዐሥራ ሁለት፥ ሠላሳ፥ አርባ፥ ሰማንያ፥ መንፈቅ፥ ዓመት፥ አንዳንዱም ሰባት ዓመት። ሠልስት ጌታ በሦስተኛው ቀን የመነሣቱ፥ ሠላሳው እስራኤል ለሙሴ ያለቀሱበት ወራት፥ አርባውም ጌታ የማረጉ መታሰቢያ ነው። የአርባው ወይም የዓመቱ ድግስ ተዝካር ይባላል፤ ቃሉ ከግእዙ «ዘከረ» የወጣ ሲሆን፥ ዘከረ ማለትም አሰበ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የሚታሰበው በማብላት ነው። ድኃ ጠግቦ ነፍስ ይማር ሲል፥ ያ ምርቃት ለሟች የሚላክ ስንቅ ሆኖ ይቈጠራል። ተዝካር ለማውጣት በሬ ሸጦ፥ ብድር ገብቶ የተራቆተ ቤተሰብ በቀድሞ ዘመን ብዙ ነበር፤ ዛሬ ግን ድግሱን አሳንሶ ገንዘቡን ለአረጋውያን ወይም ለችግረኛ ተማሪዎች መስጠት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተለመደ ስለ ሄደ፥ ከውጭ ሆናችሁ ይህን ብትጠይቁ ከሥርዓት የወጣችሁ አይመስላችሁ፤ ምጽዋት የተዝካር ሥሩ ነው።

ባለጠጎችና መኳንንት ሙታናቸውን በሕንፃ ያስባሉ። በዚሁ በኮልፌ ቀራንዮ ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው፥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፥ ገና በወጣትነታቸው ካረፉት ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው፤ ከኢጣልያ ወረራ በፊት የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በስማቸው ተጠርቶ ነበርና፤ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አለርት በሚባለው ማእከል ሥር የተጠቃለለ ቢሆንም፥ ሕዝቡ ታክሲ ሲሳፈር ዛሬም «ዘነበወርቅ» ይላል። ሰው ይሸሻቸው ለነበሩ ሕሙማን መጠለያ የሆነ ስም ከቤተ መንግሥት ሐውልት ይልቅ ረዥም ዕድሜ ማግኘቱ ደስ ያሰኛል። ሕንፃ የማይሠራላት የተራ ሰው እናትስ በምን ትታሰባለች?

በቦታዋ ትታሰባለች። አያታችሁ በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ ይጠጡ ነበር እንበል። ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛዋ ዳቦ ጋግራ፥ ጠላ ጠምቃ ማኅበርተኞቹን ትቀበላለች፤ ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታና ቁም ነገር ይቀጥላል። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ስትሞት ማኅበሩ ቦታዋን ለባዕድ አይሰጥም፤ ከልጆቿ ወይም ከልጅ ልጆቿ አንዱ እንዲተካ ይጠይቃል። በብዙ እድሮችም እንዲሁ ነው፤ አባልነቱ ለቀሪው ባል ወይም ለልጅ ይተላለፋል፥ የተካውም ሰው ሟቿ የቀበሩትን ሰው ልጆች ይቀብራል፥ ልጆቻቸውም እርሱን ይቀብሩታል። በዚህ ሥርዓት ሟች እናት በሐሳብ ብቻ የምትታወስ ሥዕል ሆና አትቀርም፤ ሥራዋ ሠሪ ይፈለግለታል። ቀራንዮ ላይ የተነገረው አደራም ይህንኑ ይመስለኛል፤ ደቀ መዝሙሩ እናቲቱን በአደራ ሲቀበል በማልቀስ አልቀረም፥ ወደ ቤቱ ወሰዳት እንጂ።

በውጭ ሀገር ለምትኖሩት ይህ የማይቻል አይደለም። አክስታችሁ ወይም የአጎታችሁ ልጅ በአያታችሁ ቦታ ተተክቶ ከሆነ፥ የጽዋው ተራ ሲደርሰው የዳቦውን ዱቄትና የጠላውን ጌሾ ወጪ ተካፈሉት፤ የእድሩ መዋጮም ለአንድ ወር እንኳ እንዳይቋረጥ አስቡበት፤ የሰፈሩ ሰው ገንዘብ ስለ ቸገረው ሳይሆን ስማችሁ ከመዝገቡ እንዳይወጣ ነው። ሀገር ቤት ስትመጡም ከሆቴልና ከጉብኝት በፊት፥ እናንተ በሌላችሁበት ዓመት ያረፉትን የጎረቤት ሰዎች ስም ጠይቃችሁ፥ ጊዜው አልፏል ሳትሉ ለቅሶ ድረሱ፤ የዘገየ ለቅሶ ካልተደረሰ ለቅሶ ይሻላልና።

አንድ ቀን ደግሞ ወሩ በገባ በ21ኛው ቀን፥ ዘመድ ይዟችሁ ወደ ማኅበሩ ቤት ትገቡ ይሆናል። ሽታው እንግዳ፥ ቋንቋው ፈጣን፥ ሴቶቹም ሁሉ ነጭ ለባሾች ይሆኑባችኋል፤ ከመካከላችሁም አንዲቱ ልጅ ከበሩ ቆማ የት እንደምትቀመጥ ግራ ሲገባት፥ አንዲት ዓይናቸው የደከመ ማኅበርተኛ ከመደቡ ላይ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎናቸው ያለውን ክፍት ስፍራ በእጃቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ «ነይ ልጄ፥ የአያትሽ ቦታ ያውልሽ» ይሏታል።