የቀበሌ ቤቶች አያያዝ

የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን የታወጀው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚሁ አዋጅ መሠረት ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት ሥር ሆኑ። ዝቅተኛው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ስለተቀነሰ፣ በአዲስ አበባ በቀን ሥራና በጉልት ንግድ የሚተዳደር ሰው በከተማው መካከል ሊኖር ቻለ።

ቤትን በርካሽ ማከራየት ቀላል ነው፤ ማቆየቱ ግን ይከብዳል። አብዛኛው የቀበሌ ቤት ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። እንዲህ ያለው ቤት አስቀድሞ የሚጎዳው ከሥሩ ነው፤ ይኸውም የመሬቱ እርጥበትና የክረምቱ ጎርፍ ቋሚውን እንጨት ያበሰብሱታል። ቋሚው ሲሰምጥ ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ክዳኑም ያፈሳል። ስለሆነም ከቆርቆሮው በፊት የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር፣ የበሰበሰውንም እንጨት መለወጥ ያስፈልጋል።

የጥገናው ገንዘብ ከኪራዩ ሊገኝ ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ሳይሻሻል በመቆየቱ፣ የአንድ ቤት የዓመት ገቢ ለጥቂት ቆርቆሮ እንኳ የማይበቃበት ጊዜ መጣ። ተከራዩ በራሱ ወጪ ላድስ ቢልም ቤቱ የእርሱ አይደለምና ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ብዙዎች ግን ሳይጠይቁ ጓዳ ቀጥለዋል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የከተማው አስተዳደር ያረጁ ሰፈሮችን እያፈረሰ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ሠርቷል። ተነሺው ተከራይ ከእነዚሁ አንዱን እንዲገዛ ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲሰጠው ይደረጋል። የጋራ መኖሪያ ቤቱ ውሃና መጸዳጃ በውስጡ አለው፤ ሆኖም ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም ከገበያና ከዕድር ይርቃል። አንዳንዱ ተነሺ የደረሰውን ቤት አከራይቶ፣ በቀድሞ ሰፈሩ አጠገብ በርካሽ ተከራይቶ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።