ካፒቴኑን ማን ሸጠው?

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዘመድ ልጠይቅ ላይ ጋይንት ሄጄ ነበር፡፡ ነፋስ መውጫ ከመንገዱ ዳር ካሉት የዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ አመሻሹ ላይ ገባሁ፡፡ ኳስ አማረኝ ልበል እንጂ እውነቱን ለመናገር ያስገባኝ ብርዱ ነው፡፡ የጋይንትን ብርድ የሚያውቅ አይፈርድብኝም፡፡

የቤቱ ሰው ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ የፋሲል ከነማ፣ ግማሹ የባህር ዳር ከተማ ደጋፊ ነው፡፡ ይህ አይደንቅም፡፡ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው በደብረ ታቦር አድርጎ ሲወርድ ወረታ ላይ መንገዱ ይከፈልበታል፡፡ ወደ ቀኝ ጎንደር፣ ወደ ግራ ባህር ዳር ነው፡፡ አንዱ ጎንደር ተምሯል፣ ሌላው ባህር ዳር ነግዷል፣ በአንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች ሳይቀሩ ማሊያቸው ይለያያል፡፡

ክርክሩ የያሬድ ባየህ ነበር፡፡ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ካፒቴኑ እሱ ነበር፡፡ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ባህር ዳር ከተማን ተቀላቀለ፡፡ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄድ ኖሮ ይህን ያህል ባልቆጠቆጠ፡፡ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ «ካፒቴናችንን ሸጡት!» ሲል ጮኸ፡፡ ጫማ ነጋዴው ጓደኛው፣ «ራሱን ሸጠ እንጂ ማን ይሸጠዋል!» አለው፡፡ ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ፡፡

«ጋሼ፣ እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት አሉ፡፡ እስኪ ይፍረዱን፡፡»

«ውሉ የሚያበቃው መቼ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው፡፡ ቤቱ ዝም አለ፡፡ ስንት ጎል እንዳዳነ፣ በየትኛው ጨዋታ ቢጫ እንዳየ የሚያውቁ ሰዎች ይህችን አንዲት ቀን አያውቋትም፡፡ እኔም አላውቃትም ነበር፡፡ ፍርዱ ያለው ግን እዚያች ቀን ላይ ነው፡፡

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው፡፡ «ተጫዋች ተሸጠ» እንላለን፤ በሕግ ዓይን ግን የሚሸጥ ሰው የለም፡፡ ተጫዋቹና ክለቡ የተዋዋሉት ውል አለ፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1731 በአግባቡ የተደረገን ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ያየዋል፡፡ ሌላ ክለብ ገንዘብ የሚከፍለው ይህ ውል ከጊዜው በፊት እንዲቀርለት፣ መልቀቂያው እንዲሰጠው ነው፡፡ ስለዚህ ውሉ ሳያበቃ በሚደረግ ዝውውር የሦስት ወገን ስምምነት ያስፈልጋል፤ የለቃቂው ክለብ፣ የተቀባዩ ክለብና የተጫዋቹ፡፡ ውሉ ካበቃ ግን የቀድሞው ክለብ ፈቃድ ቀርቶ ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ፡፡

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፡፡ ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ የቤልጅየም ተጫዋች በ1990 እ.ኤ.አ. ከሊዬዥ ክለብ ጋር የነበረው ውል አብቅቶ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ ሊሄድ ሲል፣ የቀድሞ ክለቡ ካልተከፈለኝ አልለቅም ብሎ አስቀረው፡፡ ውሉ ያለቀ ሠራተኛ ማለት ነው! ሰውየው ዓመታት ተሟግቶ በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፈረደለት፡፡ እሱ በኳሱ ብዙም አልተጠቀመም፤ ሌሎቹ ግን ሚሊዮኖችን አፈሱበት፡፡ ዛሬ በፊፋ ደንብ ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር አስቀድሞ መፈረም ይችላል፡፡

የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፡፡ እዚያ ክለቦች ውሉን ራሱን ይለዋወጣሉ፡፡ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ዳላስ ማቭሪክስ ከጥቂት ወራት በፊት ለፍጻሜ ያደረሰውን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን ተቀበለ፡፡ ዶንቺች የሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፡፡ የነፋስ መውጫው ባጃጅ ነጂ «ሸጡት» የሚለው ቃል ለዚህ ቢሆን በልኩ ነበር፡፡

ወደ አገራችን ልመለስ፡፡ የእኛ ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈርሙት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው፡፡ ሐምሌ ላይ ያስፈርማሉ፣ የዛሬ ዓመት ሐምሌ ላይ ግማሹ ቡድን ይበተናል፣ እንደገና ይለቀማል፡፡ ለምን ቢባል፣ ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማና በክልል አስተዳደር በጀት ነው፡፡ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፡፡ ለአንድ ዓመት ብቻ ገንዘብ የተፈቀደለት ሥራ አስኪያጅ ለአራት ዓመት ግዴታ ለመግባት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እኔም ብሆን ይንቀጠቀጥብኝ ነበር፡፡ ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ኮከቡ ሲሄድ ለክለቡ የሚተርፈው ፎቶግራፍ ነው፡፡ በተቃራኒው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲያቀና ኢትዮጵያ ቡና ከፈላጊው ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፡፡ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ገና ያላለቀ ውል ብቻ ነው፡፡

እንግዲህ ደጋፊው መቆጣት ካለበት፣ የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ሲገቡ ተጫዋቹን ጠርቶ ባላነጋገረ አመራር ላይ ይቆጣ፡፡ የትኛውም ክለብ ይሁን፡፡ ተጫዋቹ የሚጫወትበት ዕድሜ ቢበዛ አሥራ አምስት ዓመት ነው፤ «ከሃዲ» የሚለው ስድብ ጡረታ ሆኖ አይከፈለውም፡፡

የደመወዝ ጣሪያም ተሞክሮ ነበር፡፡ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺሕ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ፡፡ አሳቡ መልካም ነው፡፡ እንዲህ ያለ ጣሪያ ሲበጅ ግን ሁለት ወረቀት ይወለዳል፤ አንዱ ለፌዴሬሽኑ፣ ሌላው ለመሳቢያ፡፡ መሳቢያ ውስጥ ባለው ወረቀት ደግሞ ደፍሮ የሚከስ አይገኝም፡፡

ይህን ሁሉ ስናገር ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሰው ቀረቡኝ፡፡ ከስማዳ የመጡ የስፖርት መምህር ናቸው፡፡ ከደመወዛቸው ኳስ እየገዙ ያሠለጠኑት ልጅ ወደ ከተማ ሄዶ ክለብ ገብቷል፡፡ «ለእኛስ ሜዳ የሚደርስ ነገር የለም ወይ?» አሉኝ፡፡

አለ፡፡ ውሉ ያላለቀ ተጫዋች በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከዝውውር ሒሳቡ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፡፡ ከ12 እስከ 15 ባለው ዕድሜ ለእያንዳንዱ ዓመት የአምስት በመቶው 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ነው፡፡ ዝውውሩ አንድ ሚሊዮን ዶላር ቢሆን፣ ልጁን በ13 እና በ14 ዓመቱ የያዘው ክለብ በየዓመቱ 2,500፣ በድምሩ 5,000 ዶላር ይደርሰዋል፡፡ ስማዳ ላይ ይህ ስንት ኳስ፣ ስንት ጫማ እንደሆነ አንባቢ ያስላው፡፡ ለአገር ውስጥ ዝውውርም ፊፋ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን ታዳጊ ያሳደጉ ክለቦች የሚካሱበትን ሥርዓት በደንቡ እንዲያኖር ይጠብቃል፡፡ የደቡብ ጎንደር ደጋፊ ስለ ያሬድ ከሚነታረክ ስለዚህ ቢጠይቅ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል፡፡

ችግሩ ክፍያው የሚሄደው ለተመዘገበ ክለብ እንጂ ለደግ ሰው አለመሆኑ ነው፡፡ ልጁ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር የት እንደተጫወተ የሚያሳየው የተጫዋች ፓስፖርት የሚባለው ሰነድ ነው፡፡ እዚያ ላይ ያልተጻፈ ሜዳ እንዳልነበረ ይቆጠራል፡፡ መምህሩ ከኪሳቸው የደበዘዘ የቡድን ፎቶግራፍ አወጡ፡፡ «ይኸ አይበቃም?»

«አይበቃም፣ መምህር፡፡ መጀመሪያ ቡድኑን ክለብ አድርገው ያስመዝግቡ፤ ልጆቹን ደግሞ ከነትውልድ ቀናቸው፡፡»

ባለፈው አግኝቻቸው ነበር፡፡ ምዝገባው ገና አላለቀም፤ መዝገብ ግን ገዝተዋል፡፡ የሠላሳ አንድ ልጆች ስም በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ቀበሌያቸውም፣ የእናታቸው ስምም አለ፡፡ የትውልድ ቀን የሚለው ረድፍ ግን ከአራቱ በቀር ባዶ ነው፡፡ ወላጆቹ፣ «የገብርኤል ዕለት ነው፣ ዓመቱን እንጃ» ብለዋቸዋል፡፡